ዝምተኛው አጎቴ ሲፎክር

«ራስህን ሁን» የሚለው ምክር ሰሞኑን በዝቷል። ቲክቶክ ላይ አለ። የሰርግ ንግግር ውስጥ አለ። ለሥልጠና ተብለን በተሰበሰብንበት አዳራሽም አሠልጣኙ ማይክ ይዞ ሲጮኸው ሰምቻለሁ። «ጭምብላችሁን አውልቃችሁ ጣሉ!» አዳራሹ በጭብጨባ ቀለጠ። አብዛኞቻችን ያጨበጨብነው ጎናችን የተቀመጡት አለቃችን ስላጨበጨቡ ነው።

ምክሩ የቆመበት ሐሳብ ቀላል ነው። ሰው ሁለት ነው። ውጭ የሚታየው አስመሳይ ነው፣ ውስጥ የተደበቀው እውነተኛ ነው። የውጩን ገፈፍ ስታደርገው የውስጡ ብቅ ይላል። እኔ ግን ያደግኩበትን ሰፈርና ዘመድ ሳስብ ነገሩን ብዙ ጊዜ ተገልብጦ ነው የማገኘው። የእኛ ሰው የሚዋሸው በባዶ ፊቱ ነው። እውነቱን የሚያወጣው የሆነ ነገር ሲደርብ ነው፤ ሲፎክር፣ ሙሾ ሲያወርድ፣ ወይ «እኔ አይደለሁም ያልኩት» የሚልበት ከለላ ሲያገኝ።

በባዶ ፊት ስል የየቀኑን ሰላምታ ማለቴ ነው። «እንዴት ነህ?» «እግዚአብሔር ይመስገን።» «ልጆች ደህና?» «ደህና ናቸው፣ ይመስገን።» ሰውየው ከሥራ ከወጣ ወራት አልፈውታል። የቤት ኪራይ ተጨምሮበታል። ግን መንገድ ዳር ቆሞ ይህን መዘርዘር ነውር ነው። ይሉኝታ የሚሉት ነገር አለ። ርቦህ «አሁን ነው የበላሁት» ትላለህ፣ «በሞቴ» እስክትባል ድረስ። ገንዘብህን ወስዶ የጠፋ ሰው መንገድ ላይ ቢያጋጥምህ አንተ ነህ የምታፍረው።

በቀደም የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ረዳት ከሜክሲኮ ጀምሮ ሲሳደብ ነበር የመጣው። «ጠጋ በሉ! ሒሳብ! እናት፣ ዝርዝር የለም፣ ጠዋት ነው!» አንድ ሰውዬ መልሱን ቢጠይቀው አፉን ሊያስይዘው ምንም አልቀረውም። መሃል ላይ ስልኩ ጠራ። ድምፁ ወዲያው ወረደ። «አቤት እማዬ… ደህና ነኝ… በላሁ እማ… አዎ፣ ጥብስ ነው የበላሁት።» እጁ ላይ ግማሽ ሳምቡሳ ነበር። ስልኩን ዘጋና ሳምቡሳውን ጎርሶ ወደ ሰውዬው ዞረ፤ «አንተ ደሞ!» የቱ ነው እውነተኛው ልጅ? ደግ ልጅነቱ እውነት ነው፣ ተሳዳቢነቱም እውነት ነው። ግን የዋሸው በየትኛው ድምፁ እንደሆነ ልብ በሉልኝ።

ስለዚህ ነገር በደንብ ካሰቡት ሰዎች አንዱ ኤርቪንግ ጎፍማን ነው፤ ካናዳ የተወለደ የማኅበረሰብ ተመራማሪ። እ.ኤ.አ. ከ1949 እስከ 1951 ባለው ጊዜ ከስኮትላንድ በስተሰሜን ባሉት የሼትላንድ ደሴቶች እየኖረ የሰዉን አኗኗር ያጠና ነበር። እዚያ የነበረ የአንድ ትንሽ ሆቴል ሰዎች እንግዳ ፊት ሌላ፣ ወጥ ቤት ሲገቡ ሌላ እንደሚሆኑ አየ። ከዚህና ከመሰሎቹ ተነሥቶ ኑሮን በቲያትር ዓይን ማየት ጀመረ፤ መድረክ አለ፣ ከመድረክ ጀርባም አለ። ለእኛ ይህ አዲስ አይደለም። ሳሎንና ጓዳ አለን። እናቴ ሳሎን ውስጥ «ኧረ ተጫወቱ፣ ምን ያስቸኩላችኋል» ትላለች። ጓዳ ስትገባ ደግሞ በሹክሹክታ «ዘይቱ አልቋል፣ ሮጥ በልና በዱቤ ስጠን በለው» ነው።

አብዛኛው ሰው ከዚህ የሚወስደው ግን ጓዳው እውነት፣ ሳሎኑ ውሸት ነው የሚለውን ነው። እኔ አልስማማም። ጓዳም ተመልካች አለው። እናቴ ጓዳ ውስጥ ለእኛ ለልጆቿ ምንም የማይበግራት ሴት ነበረች። እዚያ ስታለቅስ አይቻት አላውቅም። ስታለቅስ ያየኋት መቶ ሰው ፊት ነው፤ ለቅሶ ቤት።

ለቅሶ ቤት ሌላ ዓለም ነው። የሴት አያቴ ያረፉ ጊዜ የሆነውን ልንገራችሁ። አያቴ መጨረሻ ላይ አልጋ ይዘው ብዙ ቆይተዋል። ያስታመመቻቸው ትንሿ አክስቴ ናት። ከተማ ያለው ታላቅ ወንድሟ በዚያ ሁሉ ጊዜ ብቅ ያለው ስንት ጊዜ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ ማንም ግን አይናገርም። በቀብሩ ዕለት በመኪና ታጅቦ መጣ። አክስቴ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ከሴቶቹ መሃል ተነሣች። ደረቷን እየደቃች ሙሾውን አወረደችው፦

ቆማ ስትጠብቅ መንገዱ ጠፍቶ፣
ዛሬ ከደጃፏ መኪና ሞልቶ።

ሴቶቹ «ወየው! ወየው!» እያሉ ተቀበሏት። ደገመችው። ወንድምየው ራሱን ይዞ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ምን ሊላት ይችላል? ሙሾ አይመለስለትም። «ምን ማለትሽ ነው?» ተብሎ አይጠየቅም። አልቃሽን የሚቆጣ ሰው አይቼ አላውቅም። ከቀብር መልስ ንፍሮ ሲታደል አክስቴ ራሷ ሳህን ይዛ ወደ እሱ ሄደች። «ጋሼ፣ እንኳን መጣህልን። መንገዱ አድክሞሃል፣ ትንሽ ቅመስ» አለችው። ከልቧ ነው። ወቀሳው ግን የዚያችኛዋ ነው፤ ነጠላ ዘቅዝቃ የቆመችው ሴትዮ። ይህች አክስቴ እስከ ዛሬ ስለዚያ ነገር አንድ ቃል ተናግራ አታውቅም።

አጎቴም እንደዚሁ ነው። እሱ በአባቴ በኩል ነው፤ የሰሜን ሸዋ ሰው። ትምህርት ቤት ንብረት ክፍል ሠርቶ ጡረታ የወጣ፣ ሲበዛ ዝምተኛ። በ1969 ከሚሊሺያው ጋር ታጠቅ ጦር ሰፈር ሠልጥኖ ወደ ምሥራቅ ዘምቷል። የካቲት 26 ቀን 1970 ጅጅጋ ከሶማሊያ ጦር እጅ ስትወጣ እዚያው አካባቢ እንደነበረ እናውቃለን። የምናውቀው ይህን ብቻ ነው። የካራማራ በዓል በየዓመቱ በቴሌቪዥን ሲተላለፍ ተነሥቶ ይወጣል።

የልጁ ሰርግ ላይ ሞቅ ሲል ሽማግሌዎቹ እየተነሡ መሸለል ጀመሩ። አጎቴ የሆነ ሰዓት ላይ ዱላውን አንሥቶ ተነሣ። ጋቢውን አደገደገ። «አካኪ ዘራፍ!» አለ። ድምፁ የሱ አይመስልም ነበር። ወዲያ ወዲህ እየተንጎራደደ፣ ዱላውን እንደ ጠመንጃ እየወዘወዘ ራሱን አወደሰ። እሱ! «ሻይ ይጨመርልህ?» ሲባል የሚያፍረው ሰውዬ። ከዚያ ጓደኞቹን በስማቸው ይጠራ ጀመር። ሦስት ናቸው። አንደኛውን በየትኛው ቁልቁለት ላይ እንደተሸከመው፣ የት ላይ እንዳወረደው፣ በምን እንደሸፈነው ተናገረ። ድንኳኑ ጸጥ አለ። አክስቴ፣ ሚስቱ ማለቴ ነው፣ ሠላሳ ምናምን ዓመት አብራው ስትኖር ይህን የሰማችው ያን ቀን ነው። ሲጨርስ ተቀመጠና ጠላውን አነሣ። አንዱ ወጣት ጠጋ ብሎ «ጋሼ፣ እውነት ነው?» ሲለው ምን ቢል ጥሩ ነው? «ተወው ባክህ፣ ጨዋታ ነው።»

ጨዋታ። ያ ቃል ነው ያስቻለው። ልብ ያላችሁ እንደሆነ ፎካሪ በራሱ ስም አይናገርም። የድሮ ሰው «ዘራፍ የአባ ዳኘው አሽከር!» ብሎ ነው የሚነሣው፤ በምኒልክ የፈረስ ስም። የፈረስ ስም የሌለው ስመ ጥር ጀግና ብዙም አልነበረም። ዮሐንስ አራተኛ አባ በዝብዝ፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መቻል ናቸው። አጎቴ የሠለጠነበት ታጠቅም ስሙ ከቴዎድሮስ የፈረስ ስም ከአባ ታጠቅ ጋር አንድ ነው። እነዚህ ሰዎች የክርስትና ስም አላቸው፣ እናት ያወጣችላቸው አላቸው፣ የነገሡት ደግሞ የዙፋን ስም አላቸው። ችሎት ላይ የሚቀመጠው አንዱ ነው፣ ለጸሎት የሚጠራው ሌላው ነው፣ ጦር ሜዳ የሚገባው ሌላው ነው። «እውነተኛው የቱ ነው?» ብሎ የጠየቃቸው ያለ አይመስለኝም።

አንዳንዴ ግን የተደረበው ስም ሰውየውን ይዞት ይሄዳል። ካሣ ኃይሉ በ1847 ሲነግሥ የመረጠው ስም፣ ይመጣል ተብሎ ሲጠበቅ የኖረውን የጻድቁን ንጉሥ ስም ነው። ቴዎድሮስ ተባለ። ካሣ እያለ መሸነፍ ይችል ነበር። ቋራ ቆላ ገብቶ፣ ሸፍቶ፣ ቀን ቆጥሮ ይመለሳል። ቴዎድሮስ ከሆነ በኋላ ግን የሚሸሽበት ቆላ አልነበረውም። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 መቅደላ ላይ ሽጉጡን ወደ ራሱ ያዞረው የትኛው ነው ብትሉኝ፣ እኔ ስሙ ነው እላለሁ። የታሪክ ሰዎች ይቆጡኝ ይሆናል።

የሴቶቹ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። እንደ ወንዶቹ የፈረስ ስም የላቸው። ዛር ግን ነበራቸው። እናቴ ስሙ ሲነሣ ታማትባለች፤ ቤተ ክርስቲያንም ታወግዘዋለች። መንፈሱ አለ የለም በሚለው ላይ እኔ ዳኛ አይደለሁም። የምናገረው ስለሚታየው ነው። ሚሼል ሌሪስ የተባለ ፈረንሳዊ ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1932 ከዳካር እስከ ጅቡቲ በሚጓዝ የጥናት ቡድን ውስጥ ሆኖ ጎንደር ገባ። አባ ጀሮም ገብረ ሙሴ እያስተረጎሙለት የዛር እናት የነበሩትን የመልካም አየሁን ቤት ለወራት ተከታተለ። አንዲቱ ሴትዮ ዛሩ በተለወጠ ቁጥር ድምፃቸው፣ ቁጣቸው፣ አቀማመጣቸው ሲለወጥ አየ። በኋላ ሲጽፍ ነገሩ ቲያትር እንደሚመስል፣ ግን የሚኖሩት እንጂ የሚጫወቱት ዓይነት ብቻ እንዳልሆነ ተናገረ። ዛሮቹንም ሴትየዋ እየቀያየረች የምትለብሳቸው ጠባዮች አድርጎ ገለጻቸው። ዛር የያዘው ሰው ደግሞ «ፈረስ» ነው የሚባለው። ወንዱ በፈረሱ ስም ሲፎክር፣ ሴቷ ራሷ ፈረስ ሆነች።

ፈረስ ብትሆንም ታዲያ የምትፈልገውን ታገኛለች። ሰፈራችን አንዲት ሴትዮ ነበሩ። ባላቸው ቆጥቋጣ ነው። እሳቸው አፍ አውጥተው «ልብስ ግዛልኝ» አይሉም፤ ባለጌ ይባላሉ። ዛራቸው ግን ይጠይቃል፣ ያውም ቀለም መርጦ፣ ሽቶ ጨምሮ። ባልየው እያጉረመረመ መርካቶ ይሄዳል። አንድ ቀን ዛሩ ባልየውን በሰው ፊት «አንተ ውሸታም!» ብሎ ሰደበው አሉ። በማግስቱ ሴትዮዋ ቁርሱን አቅርበው እግሩን አጠቡት። ትናንት ስለተባለው ምንም አያስታውሱም። እኔ በልጅነቴ ይህን ስሰማ ያስፈራኝ ነበር። አሁን ሳስበው ሌላ በር ስለሌላቸው በዚያ የወጡ ይመስለኛል።

እስካሁን ያወራሁት አፍ ስለሚከፍት ድርብ ነው። አፍ የሚዘጋም አለ። አርሊ ሆክስቻይልድ የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1983 ስለ አውሮፕላን አስተናጋጆች ጽፋለች። ፈገግታቸው ከቲኬቱ ጋር አብሮ የተሸጠ ነው። ተሳፋሪው ቢሰድባቸው መቆጣት አይችሉም፤ እንዳይቆጡም ይሠለጥናሉ። ሥራ ጨርሰው ቤት ሲገቡ ፊታቸው አልፈታ የሚላቸው ነበሩ። ጭምብል ለምን እንደሚጠላ የሚገባኝ እዚህ ላይ ነው። መርጠህ ያልለበስከው፣ ስትፈልግ የማታወልቀው፣ ለብሰኸውም ምንም መናገር የማትችልበት ነው።

የአክስቴ ልጅ ወደ ሳዑዲ የሄደችው በሌላ ሰው ስም ነው። ማርያምን ሳትጠራ የማትውል ልጅ፣ ፓስፖርቷ ላይ የሙስሊም ስም ተጽፎ፣ ሂጃብ ለብሳ ፎቶ ተነሥታ ሄደች። በዚያ ዘመን ይህን ያደረገች እሷ ብቻ አይደለችም፤ ሥራ ቶሎ ይገኛል እየተባለ ስንቷ ናት የሄደችው። ደላላው ስሙን አስጠንቷታል። ቤቱ ስትደርስ ማዳሟ ያንንም አልወደደችው። አጠር ያለ ሌላ አወጣችላት። በዚያ ስም ከተጠራች መልሱ አንድ ነው፤ «ሃዲር»። እሺ ማለት ነው። ፓስፖርቱ ማዳሟ ጋ ነው። ስልኩ ማዳሟ ጋ ነው። ሙሾ የምታወርድበት ድንኳን የለ፣ የምትፎክርበት ሰርግ የለ።

በ2006 ከሳዑዲ ከ160 ሺህ በላይ ሰው ሲባረር እሷም ተመለሰች። የመጀመሪያ ሰሞን ስሟን ስንጠራት አትዞርም ነበር። አክስቴ ከጓሮ «አንቺ ልጅ!» ብላ ትጣራለች፣ እሷ ቡና ትቆላለች። የበር መጥሪያ ከቴሌቪዥን ውስጥ ሲሰማ ግን ብድግ ትላለች። እኛ ደግሞ «አሁንማ ቤትሽ ነሽ፣ ራስሽን ሁኚ» እያልን እናደርቃታለን። የቷን? በሃያ ዓመቷ የሄደችውን? ያቺ ልጅ እኮ የለችም።

ወደ እስራኤል የሄዱ ወገኖቻችንም ይህን ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1991 በአውሮፕላን ሲወሰዱ ብዙ ልጆች የዕብራይስጥ ስም ተሰጥቷቸዋል። እቤት አያት በአማርኛ ስሙ ይጠራሉ፣ ትምህርት ቤት መምህሯ በሌላው። አድገው የአማርኛ ስማቸውን መልሰው የያዙ አሉ። ሁለቱንም ይዘው የቀሩም አሉ። በቀሩት ላይ ለመፍረድ የሚቸኩል ሰው አይገባኝም።

አሁን ከተማ ላይ ሙሾው እየቀረ ነው። ለቅሶ ቤት ሄደን ካርታ ተጫውተን እንመለሳለን። ፉከራውም የባህል ምሽት ቤት ሄዷል፤ ቀጠን ያለ ልጅ ጎፈር አድርጎ ይፎክርና ግንባሩ ላይ ብር ይለጠፍለታል። ደህና ይፎክራል፤ የሚናገረው ነገር ግን የለውም። የቀረው ሕዝብ ቴሌግራም ላይ ነው። ስም የለ፣ ፎቶው አበባ ነው። «ስሜ ይቆይ። ባለትዳር ነኝ። አንድ ነገር ላማክራችሁ…» ብሎ ይጀምራል። ሌሊት ላይ አነባቸዋለሁ። ውሸቱ እንዳለ ሆኖ፣ ሰው በዚያ አበባ ጀርባ የሚናገረውን ለንስሐ አባቱም የሚናገር አይመስለኝም። ችግሩ የሚቀበል የለም። አክስቴ ስታወርድ ሴቶቹ «ወየው!» ብለው ደግፈዋታል፤ ወንድሟ አለቀሰ፤ ንፍሮ ተበላ። ለአበባዋ የሚመጣው መልስ «ፍቺው» ወይ «ጸልዪ» ነው፣ ከሥሩ የሚስቅ ኢሞጂ።

የአክስቴ ልጅ አሁን ትንሽ የልብስ ሱቅ አላት። ባለፈው ዕቃ ልታወጣ መርካቶ ስትሄድ ተከተልኳት። ጅምላ ሻጩ በዚያ በሳዑዲው ስሟ ሲጠራት ደነገጥኩ። «ራሴ ነኝ የነገርኩት» አለችኝ እየሳቀች። «በእናቴ ስም ስጠራ ዋጋ መከራከር አልችልም። አፍራለሁ። እሷ ግን አታፍርም። ስንት ዘመን ሲጮኽባት ኖራ ማንን ትፈራለች?» ሰውዬው አንድ ሺህ ሁለት መቶ አላት። «ላ፣ ላ፣ ላ!» አለችው፣ ጣቷን አፍንጫው ሥር እየወዘወዘች። በዓረብኛ ተሳደበች፣ በአማርኛ አቆላመጠችው፣ ጥላው ሄደች፣ ተጠራች፣ ተመለሰች። በዘጠኝ መቶ ተስማሙ። ዕቃውን ለተሸከመልን ልጅ የተስማማንበትን ከፈለችው። ትንሽ ራመድ እንዳልን ቆመች፣ ወደ ኋላ ተመልሳ ሃምሳ ብር ጨመረችለት። «ያንሳል አይደል? እኔ'ኮ ጨምሬ ልሰጥህ አስቤ ነበር፣ ረስቼው ነው» ትለዋለች። ልጁ ምንም አላላትም ነበር።